የግሽበት ግምት ምንድን ነው?

ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ነው። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ከሰፈራችን ሱቅ ዘይት ልገዛ ሄድኩ። ባለ አምስት ሊትር ጄሪካኖቹ መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። ሁልጊዜ ዋጋው በእስክርቢቶ የተጻፈበት ቁራጭ ካርቶን ፊታቸው ይሰቀል ነበር። የዚያን ቀን ካርቶኑ የለም።

«ጋሼ፣ ዘይቱ ስንት ገባ?» አልኳቸው።

«ዛሬ አልሸጥልሽም ልጄ» አሉኝ። «ነገ በስንት እንደማመጣው አላውቅም።»

ተናድጄ ወጣሁ። ዘይቱ እኮ ዓይኔ ሥር ነው። የገዙትም በድሮ ዋጋ ነው። ታዲያ ነገ የሚመጣው ዋጋ ዛሬ ያለውን ዘይት እንዴት ይከለክለኛል? በኋላ ነገሩን ሳስበው ግን ጋሼ የተናገሩት ነገር ስም እንዳለው ገባኝ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የግሽበት ግምት ይሉታል።

ግሽበት ሁላችንም በኪሳችን የምናውቀው ነው። የዕቃና የአገልግሎት ዋጋ በጥቅሉ ይጨምራል፣ ብር የመግዛት አቅሙ ይደክማል። የግሽበት ግምት ደግሞ ገና ስላልመጣው ጭማሪ ነው። ሰው «በሚቀጥለው ወር እንዲህ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይብሳል» ብሎ በልቡ የሚይዘው ሒሳብ ነው። አከራይ ኪራይ ሲጨምር ያንን ሒሳብ ይዞ ነው። ሠራተኛ ደመወዝ ይጨመርልኝ ሲል ያንኑ ይዞ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ የሚበቃት እናት ተበድራ ሁለት ስታስገባም እንደዚያው። ሁሉም በየቤቱ እንዲህ ሲያደርግ የተፈራው ጭማሪ እውነትም ይመጣል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው።

የጋሼ ሒሳብ እንዲህ ነው። ዛሬ አንድ ጄሪካን ሸጠው በብሩ ነገ አንድ ጄሪካን መተካት አለባቸው። የማከፋፈያው ዋጋ በአንድ ጊዜ ከዘለለ ያገኙት ትርፍ በሙሉ ሄዶ ዋናውም ይነካል። አሥር ጄሪካን የነበረው ሱቅ በሦስተኛው ዙር ሰባት ይቀረዋል። ስለዚህ ዋጋ የሚያወጡት የገዙበትን ሳይሆን የሚተኩበትን አስበው ነው። እኔ ስግብግብነት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ሱቃቸው እንዳይዘጋ ነው የፈሩት።

የዚያ ሳምንት ፍርሃት ከባዶ አልመጣም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲመራ ወሰነ። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ወይም 58 ብር ገደማ ነበር። ነሐሴ ሳይጋመስ 100 ብርን ተሻገረ። አዳማ ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት። ሞጆ ደረቅ ወደብ እዚሁ አጠገባችን ነው። ከውጭ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በዚህ ያልፋል፣ ሾፌሩም ደላላውም እዚሁ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። በአዲሱ ዶላር የተገዛ አንድም ኮንቴይነር ከመድረሱ በፊት ወሬው ደረሰ። ዋጋውም ከወሬው ጋር ገባ።

ትዝታም አለ። በ2002 ማብቂያ ብር እንዲረክስ ሲደረግ ዋጋ ጨመረ። በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ ሲረክስም እንደዚያው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኛ ግን ያየነው እባቡን ራሱን ነው፣ ያውም ደጋግመን። «ሕዝቡ በወሬ ይደናገጣል» ሲባል የሚከፋኝ ለዚህ ነው። ሕዝቡ ያለፈውን ያስታውሳል እንጂ በባዶ ሜዳ አይደናገጥም።

ነገሩን ከሁሉ በላይ አጥርቶ ያሳየኝ የሰፈራችን የሴቶች እቁብ ነው። 12 ሴቶች በየወሩ 2,000 ብር ይጥላሉ እንበል። ዕጣ የወጣላት 24,000 ብር ትወስዳለች። የመጨረሻዋም የምትወስደው ያንኑ 24,000 ነው። ግንቦት 2014 የአገሪቱ ዓመታዊ ግሽበት 37 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ዋጋ በዚያ ፍጥነት ሲጨምር የመጨረሻዋ ሴት ብሯን የምትይዘው ከመጀመሪያዋ 11 ወር ዘግይታ ነው። ያኔ 24,000 ብሩ የሚገዛላት እቁቡ ሲጀመር 18,000 ብር ገደማ ያወጣ የነበረውን ዕቃ ነው። ማንም አልሰረቃትም። ዳኛዋ ቅን ናት፣ ጎረቤቶቿም አንድ ወር አላሳለፉም። ብሩ ግን ቀለለ።

ድሮ ዕጣ መቀያየር የደግነት ነገር ነበር። ልጇ የታመመባት፣ ሰርግ የደረሰባት ትለምናለች፣ ሌላዋ ትለቅላታለች። አሁን ሁሉም ቀድሞ እንዲወጣለት ይለምናል። አንዷ ጎረቤታችን የመጀመሪያው ዕጣ ሲወጣላት በማግሥቱ ሄዳ ቆርቆሮ ገዛች። ቤቱ አልተጀመረም፣ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። ቆርቆሮው መኝታ ቤት፣ ከአልጋው ጀርባ ቆሟል፣ አቧራ እንዳይነካው አሮጌ አንሶላ ለብሶ። «ብር ከማስቀምጥ ቆርቆሮ ላስቀምጥ» ነው ያለችኝ። ሒሳቧ ልክ ነው። ለዓመታት በቁጠባ ሂሳብ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ዋጋ በ20 እና በ30 በመቶ በሚጨምርበት አገር ብር ማስቀመጥ በየዓመቱ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ መጣል ነው። ችግሩ የሷ ትክክለኛ ሒሳብ በሺዎች ሲባዛ ነው። ሁሉም ከብር ሸሽቶ ወደ ዕቃ ሲሮጥ ዕቃው ይወደዳል። ቀድሞ መግዛት የማይችለው፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ ደግሞ የሌሎቹን ጥንቃቄ ዋጋ ይከፍላል። እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ታዲያ ፍርሃቱን በትእዛዝ ማስቆም ይቻላል? ተሞክሯል። በ2003 መንግሥት በዘይት፣ በስኳርና በሌሎች መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ስኳርና ዘይት ከሱቅ ጠፉ፣ ሰልፍ መጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው በአብዛኞቹ ላይ ተነሳ። ሱቅ ማሸግም ያው ነው። የታሸገ ሱቅ ያየ ባለሱቅ ዕቃውን ወደ ጓዳ ያስገባል።

ግምት ብቻውን ግሽበት አይፈጥርም፣ ይህ መባል አለበት። መንግሥት የበጀቱን ጉድለት ለመሙላት ለዓመታት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲበደር ቆይቷል። ከኋላው ዕቃ የሌለው ብር ገበያ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የሰሜኑ ጦርነት፣ ድርቁና የውጭ ምንዛሬ እጥረቱ ተጨመሩበት። ግምቱ እነዚህ ካለፉ በኋላም የሚቀረው ነው። ጋዙ ተነስቶ እንኳ ቤቱ ውስጥ እንደሚቆይ ሽታ።

ብሔራዊ ባንክ በ2016 ክረምት 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም የሌሎች ባንኮች ወለድ እንዲመራበት የሚያስቀምጠውን ተመን፣ ያወጣው፣ ለመንግሥት የሚሰጠውን ብድር እገድባለሁ ያለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰው ብሩ ነገም ብር እንደሚሆን ካመነ አይሮጥም። ዓመታዊው ግሽበት በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። «ወረደ» ሲባል ግን ሰው ዋጋ የሚወርድ ይመስለዋል፣ ገበያ ሄዶ ያንኑ ዋጋ ወይም የባሰ ሲያገኝ ዋሹኝ ይላል። የወረደው የጭማሪው ፍጥነት ነው። 100 ብር የነበረው ዕቃ 137 ከገባ በኋላ በ14 በመቶ ሲጨምር 156 ብር ይሆናል። ይህን በቀላል አማርኛ ማስረዳት የባንኩም የሚዲያውም ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ዋሹኝ ያለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚነገረውን አይሰማም፣ የራሱን ሒሳብ ነው የሚይዘው።

እኔ አሁን ቁጥሩን ከምሰማ የጋሼን ሱቅ አያለሁ። ዋጋ በቃል ሲነገር ሰውዬው ነገን እየፈሩ ነው። ካርቶን ላይ ሲጻፍ ቢያንስ ለሳምንት አምነዋል። ትናንት ማታ ጎራ ብዬ ነበር። የሽንኩርቱም የፓስታውም ዋጋ ተጽፏል፣ ቀለሙም በፀሐይ መደብዘዝ ጀምሯል። የዘይቱን ግን አሁንም ጠይቄ ነው የሰማሁት።