«ሃይድሮሊክ ዘይት አያረጅም»፦ ስለ እንጨት መፍለጫ ማሽን ዘይት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግቢያችን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ሐረጎ ሳይደረስ ነው። የባሕር ዛፍ ግንድ ከገጠር ይመጣል፤ ተቆርጦና ተፈልጦ ለዳቦ ቤትና ለእንጀራ ጋጋሪዎች ይሄዳል። ድሮ ሥራው የመጥረቢያ ነበር። አንጓ የበዛበት ጉቶ ከመጣ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ይታገለዋል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በሃይድሮሊክ የሚሠራ መፍለጫ ማሽን አለን። ፓምፑ ከታንኩ ዘይት በግፊት ይልካል፣ ሲሊንደሩ ግንዱን ይገፋል፣ ስለቱ ይሰነጥቀዋል፣ አለቀ።

ማሽኑ ላይ የሚሠሩት ልጆች ጎበዞች ናቸው። ካንዴላ ያጸዳሉ፣ የሞተር ዘይት በጊዜው ይቀይራሉ። ወደ ሃይድሮሊክ ዘይቱ ሲመጣ ግን ከሰው የተሰማ ብዙ የተሳሳተ ነገር አለ። ከገልባጭ መኪና ሹፌር የተወሰደ አለ፣ ከሱቅ የተሰማ አለ። አንዳንዱ ገንዘብ ያስወጣል። አንዱ ደግሞ እጅ ያስቆርጣል። ለዚህ ነው አንድ በአንድ ልጽፈው የተነሳሁት።

«አይቃጠልም፣ ስለዚህ አያረጅም»

በብዛት የምሰማው ይሄን ነው። እርግጥ ሃይድሮሊክ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እሳት አጠገብ አይውልም፣ ጥቀርሻም አይገባበትም። ግን ያረጃል። ሙቀትና አየር ሲፈራረቁበት ይጠቁራል፣ ያረረ ሽታ ያመጣል። ፓምፑን ከመፋቅ የሚጠብቀው ቅመምም እየተመናመነ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚያበላሸው ደግሞ ከውጭ የሚገባው ውሃና ቆሻሻ ነው።

ውሃው ከየት ይገባል? ታንኩ ይተነፍሳል። የሲሊንደሩ ዘንግ ሲወጣ ታንኩ ውስጥ ያለው ዘይት ዝቅ ይላል፣ በክዳኑ መተንፈሻ በኩል አየር ይገባል። ዘንጉ ሲመለስ አየሩ ይወጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ላይ ሲወርድ የሚገባው አየር እርጥብ ነው። ቀን የሞቀው ታንክ ማታ ሲበርድ እርጥበቱ በውስጠኛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ይንጠባጠባል። ማሽኑ ውጭ ዝናብ ሲመታው የሚያድር ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ከታንኩ ትንሽ ዘይት በንጹህ ብልቃጥ ቀዳሁ። ቀለሙ ወተት የገባበት ሻይ ይመስል ነበር። ብልቃጡን መስኮት ላይ አስቀምጬው አደረ። ጠዋት ሳየው ከሥሩ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ውሃ ተኝቷል። ከላዩ ያለው ዘይት ጠራ ብሏል። ልጆቹን ጠርቼ አሳየኋቸው። አንዱ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና «ወላሂ ጋሼ፣ ፓምፑ ይሄን ሲጠጣ ነው የከረመው?» አለኝ። አዎ፣ ይሄን ነው።

መቼ ይቀየር ለሚለው፣ ማሽናችሁ መመሪያ ካለው የእሱ ይቅደም። የኛ ስለሌለው በዓመት አንዴ፣ ዝናቡ እንዳባራ መስከረም ላይ እንቀይራለን። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ወይም ያረረ ከሸተተ ግን መስከረም አይጠበቅም።

«ሲጎድል እየሞላሁበት ነው፣ ተቀይሯል ማለት ነው»

አልተቀየረም። ቆሻሻውና ውሃው ከታንኩ ሥር እንደተኛ ነው። ደግሞ የሃይድሮሊክ ዘይት ዞሮ ዞሮ ወደ ታንኩ የሚመለስ ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። መሙላቱን ትታችሁ መፍሰሻውን ፈልጉ።

«ዘይት ዘይት ነው፣ የተገኘው ይገባል»

ሱቅ ሄዶ የሃይድሮሊክ ዘይት ብሎ ጠይቆ የፍሬን ዘይት ይዞ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ። አልፈርድበትም፤ ፍሬንም የሚሠራው በሃይድሮሊክ ነው። ግን የፍሬን ዘይት ስሙ ነው እንጂ ዘይት አይደለም። አብዛኛው ከግላይኮል የሚሠራ ፈሳሽ ነው፣ ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። በመፍለጫ ማሽን ውስጥ ዘይት እንዳይሾልክ የሚይዙት ሲሎች ደግሞ ከነዳጅ ለሚወጣ ዘይት ተብለው የተሠሩ ጎማዎች ናቸው። የፍሬን ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። የዚያ ልጅ ማሽን ብዙም ሳይቆይ ከዘንጉ ሥር ማልቀስ ጀመረ። ሲሊንደሩ ሲፈታ አየሁት። ሲሉ ውሃ እንደነካው ዳቦ በጣት ይቆረስ ነበር። መስመሩ በሙሉ ተፈትቶ ታጠበ፣ ሲሎቹ ሁሉ ተቀየሩ፣ ዘይቱም እንደገና ተገዛ።

የሞተር ዘይትስ? እሱ ትንሽ ይለያል። ቀጭን የሞተር ዘይት ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚፈቅዱ አምራቾች አሉ። ስለዚህ ማሽኑን ወዲያው አይገድለውም። ግን የሞተር ዘይት የተቀመመው ቆሻሻንና እርጥበትን በውስጡ አንሳፎ እንዲይዝ ነው። ለሞተር ደግ ነው። እኛ ግን የምንፈልገው ውሃው ተለይቶ ከሥር እንዲተኛልን ነው። ብልቃጤ ውስጥ የነበረው የሞተር ዘይት ቢሆን ኖሮ ያ ውሃ እንዲያ ተለይቶ ባልታየኝ ነበር። ቀለሙም አያታልላችሁ። ቀይ ዘይት ቀለም ተጨምሮበት ነው የቀላው፣ ስለተሻለ አይደለም።

«ወፍራም ዘይት ጉልበት ይጨምራል»

ጉልበት የሚመጣው ከግፊቱና ከፒስተኑ ስፋት ነው። የኛ ሲሊንደር የውስጥ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። የፒስተኑ ፊት ከ78 ካሬ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ግፊቱ 170 ባር ሲደርስ 13 ቶን ተኩል ያህል ይገፋል። ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የሚያደርገው የግፊት መልቀቂያ ባልቦላው ነው። ባልቦላው ዘይቱ ወፈረ ቀጠነ ብሎ አይጨምርላችሁም። ወፍራም ዘይት ሲገባ ጉልበት የጨመረ የሚመስለው ፓምፑ አርጅቶ ቀጭኑ ዘይት በውስጡ ሲሾልክ ከነበረ ነው። ያኔ መድኃኒቱ ፓምፑን ማየት ነው።

በዘይቱ ዕቃ ላይ የሚጻፈው 32፣ 46 ወይም 68 ዘይቱ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ውፍረት የሚለካ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ይወፍራል። እዚህ ላይ የሀገራችን ከፍታ ይገባበታል። ፓምፑ ዘይት ይስባል እንላለን። በእውነቱ ግን ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ታንኩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እንግዲህ የኅዳር ማለዳ አስቡት። ዘይቱ እንደ ማር ጓጉሏል፣ የሚገፋው አየርም ሳስቷል፣ የመሳቢያው ወንፊት በሰጋቱራ ግማሹ ተደፍኗል። ፓምፑ ዘይት ያጥረዋል። ጠጠር የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ውስጡ አረፋ እየተፈጠረ እየፈረሰ ብረቱን ይቦረቡረዋል። ልጆቹ «ዛሬ ማሽኑ ብርድ መቶታል» ይላሉ። አልተሳሳቱም።

እኛ 46 ነው የምንጠቀመው። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች እዚያ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ማሽንም 46 አያንሰውም። 68 ለደሴ ማለዳ አይሆንም ባይ ነኝ። የትኛውንም ብትጠቀሙ ጠዋት ግንድ ከመጫናችሁ በፊት ማሽኑን አምስት ደቂቃ በባዶው አሠሩት።

«ቡሎኑን ፈታሁ፣ ፈሰሰ፣ ጨረስኩ»

ታንኩ ባዶ ሆነ ማለት ማሽኑ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። የኛ ሲሊንደር 60 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፣ የዘንጉ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ገብቶ እንኳ በዙሪያው 3 ሊትር ተኩል ያህል አሮጌ ዘይት ይቀራል። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ሳይቆጠር ማለት ነው። ዘይቱ በደንብ የቆሸሸ ወይም ውሃ የጠጣ ከሆነ አዲሱን ሞልታችሁ፣ ጥቂት ቀን ሠርታችሁ፣ እንደገና መቀየር ሊያስፈልግ ነው። ገንዘቡ ያማል፣ አውቃለሁ። ፓምፕ መቀየር ግን የበለጠ ያማል።

ከማፍሰሳችሁ በፊት ማሽኑ ትንሽ ይሥራና ዘይቱ ሞቅ ይበል። ሞቅ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። እጅ እስኪያቃጥል ግን አይጠበቅም። ዘንጉን መልሱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ከዚያ ማንሻውን ወዲያና ወዲህ አድርጉት፤ የታመቀው ግፊት ይለቀቃል። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። አሮጌ ፊልትሮ ትቶ ዘይት መቀየር ገላን ታጥቦ የቆሸሸ ልብስ እንደ መልበስ ነው። የመሳቢያው ወንፊትም ወጥቶ ይጸዳል። ታንኩን በናፍጣ ወይም በላምባ አጥቦ መተው የለመደብን ነገር ነው። ከጥጋጥጉ የሚቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ክር በማይለቅ ጨርቅ ወልውሉት፣ ይበቃል። በብየዳ ቤት የተሠራ አዲስ ማሽን ከሆነ ደግሞ ዓመት አትጠብቁ። የብየዳ ፍርፋሪ ታንኩ ውስጥ አይጠፋም፤ ከመጀመሪያዎቹ 25 እስከ 50 የሥራ ሰዓታት በኋላ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ወንፊቱንም እዩ።

«አዲስ ዘይት ንጹህ ነው»

በርሜል ውስጥ እያለ ይሁን። ወደ እኛ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ የምግብ ዘይት በነበረበት ጀሪካን ተቀድቶ ነው። የሰው ዓይን ከ40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያነሰ ብናኝ አያይም። በፓምፑ ጥርሶችና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠርቶ የታያችሁ ዘይት ፓምፑን ሊፍቀው ይችላል። የታሸገ ግዙ። ዘይቱን የምትሞሉበትን ማፍሰሻ ጥረጉት። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት በዙሪያው ያለውን ሰጋቱራ አራግፉ።

«እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ»

ልኩ የሚታየው ዘንጉ ገብቶ ነው። አንድ ቀን ዘንጉ ወጥቶ እንደቆመ ታንኩን ሞሉት። ማንሻውን ሲመልሱት የዘንጉን ቦታ ያህል ዘይት፣ አንድ ሊትር ከሩብ ያህል፣ በክዳኑ በኩል ገንፍሎ ሰጋቱራው ላይ ፈሰሰ። አዲስ ዘይት! ለአየሩ ሁልጊዜ ከላይ ቦታ ተዉለት። ሞልታችሁ ስትጨርሱ ሞተሩን በዝቅተኛ አስነሱ፣ ዘንጉን አምስት ስድስት ጊዜ በባዶው አመላልሱት። አየሩ ይውጣ። ከዚያ እንደገና ልኩን እዩና የጎደለውን ጨምሩ። ዘይቱ አረፋ ከሆነና ዘንጉ እየተንቀጠቀጠ ከሄደ አየር አለ ማለት ነው፤ የመሳቢያውን ቱቦ ማሰሪያ አጥብቁ።

«ትንሽ ፍንጣቂ ናት፣ በጣት ያዛት»

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱብኝ።

ቱቦ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ሲኖር የሚወጣው ዘይት ጭስ ይመስላል። አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም። የሰው ደመ ነፍስ ደግሞ እጁን ዘርግቶ መዳበስ ነው። በ7 ባር ገደማ ግፊት እንኳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ሊበሳ ይችላል። ጓንትም አያድንም። የሚታየው ቁስል ነጥብ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል። ሰውየው አጥቦት ሥራውን ይቀጥላል። ውስጥ ግን ዘይቱ በጅማቱ መካከል ተሰራጭቷል። በሰዓታት ውስጥ እጁ ያብጣል፣ ሥጋው ይሞታል። ዘግይቶ ሐኪም ጋ የደረሰ ሰው ጣቱን ወይም እጁን ሊያጣ ይችላል።

ፍንጣቂ ከጠረጠራችሁ ረዘም ያለ ካርቶን አቅርቡበት። ካርቶኑ ላይ የሚርሰው ቦታ መፍሰሻውን ያሳያችኋል። ከዚያ ሞተሩን አጥፉ፣ ግፊቱን ልቀቁ፣ ቱቦውን ቀይሩ። በጎማ መጠቅለል የለም። ሰው ከተወጋ ደግሞ ቁስሉ ምንም ቢያንስ ነገ ይታያል አትበሉ። ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ለሐኪሙም በግፊት ዘይት እንደገባበትና የዘይቱን ዓይነት ንገሩት። እንዲያ ካልተነገረው ተራ የመርፌ ቀዳዳ መስሎት ሊመልሰው ይችላል።

«አሮጌውን ከአጥር ሥር ድፋው»

ምስጥ ይከላከላል ብሎ ግንድ የሚቀባበት አለ፣ አቧራ ያስተኛል ብሎ መሬት የሚያጠጣበት አለ። እኛ ግቢ ያለው ዘይት ዝናብ ሲጥል ወደ ቦርከና ነው የሚወርደው። ቦርከና በኮምቦልቻ አድርጎ ጨፋ ይገባል። ጨፋ ላይ የስንቱ ከብት ውሃ እንደሚጠጣ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያውቃል። አሮጌውን ዘይት ወደ ጀሪካን መልሱት፣ ከውሃም ከቤንዚንም አትቀላቅሉት፣ ክዳኑን አጥብቁ። ላዩ ላይ «አሮጌ ዘይት» ብላችሁ ጻፉበት፤ አንዱ ልጅ አዲስ መስሎት መልሶ እንዳይሞላው። የኛ ሁለት ጀሪካን ከመጋዘኑ ጥግ ተቀምጠዋል፣ አሮጌ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ እስክናገኝ ድረስ እዚያው ይቆያሉ።