ምርቱን ከግርዱ፦ ግርድ እኮ ገለባ አይደለም

ባለፈው የእህቴ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ሞባይሉ ላይ የፊዚክስ ቱቶሪያል ከፍቶ ሲያይ እኔም አጠገቡ ቡናዬን እየጠጣሁ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። አስተማሪው ስለ ግራቪቲ እያወራ "ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል ቀላል ነገር ይዘገያል፣ አባቶቻችን ምርቱን ከግርዱ ያሉት ይሄን አውቀው ነው" ብሎ አለፈ። ቡናው ትን አለኝ። በአንድ አፍ ፊዚክሱንም አነጋገሩንም ገደላቸው እኮ!

ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል አልደክምበትም። ያልታወቀው ግርድ ራሱ ምን እንደሆነ ነው።

እኔ ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። ህዳር ታህሳስ ላይ አውድማው በእበት ይለቀለቅና ሲደርቅ የገብሱ ነዶ ይበተንበታል፣ ከዛ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራዩታል እኛ ልጆች ደግሞ አለንጋ ይዘን ከኋላ ከኋላቸው ነው፣ በሬው ጅራቱን ቀና ካደረገ እበቱ እህሉ ላይ ሳይወድቅ ሮጦ በእጅ መቀበል የኔ ስራ ነበር፣ አትሳቁ። አቧራው አንገት ላይ ያሳክካል በቃ ለሳምንት አይለቅም። ከዛ ዋናው ነገር ይመጣል፣ ነፋስ መጠበቅ። አያቴ፣ አባባ ነበር የምንለው፣ ላይዳውን፣ የእንጨት አካፋውን ማለቴ ነው፣ ተደግፎ ቆሞ ቀስ ብሎ ያፏጫል፣ ነፋሱን ሲጠራ ነው። ነፋሱም አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ ደግሞ እስኪመሽ ያስጠብቀናል።

ሲመጣ የተበራየው መጀመሪያ በመንሽ፣ ጣት ባለው የእንጨት ሹካ፣ ቀጥሎ በላይዳ ሽቅብ ይወረወራል። ገለባው ርቆ ይሄዳል፣ እብቁ፣ ደቃቁ ብናኝ፣ ከሱም አልፎ ጎረቤት ማሳ ድረስ ይበናል፣ ፍሬው ቀጥ ብሎ እግር ስር ይወርዳል። ግርዱስ? ግርዱ ከፍሬው ክምር ጠርዝ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ያልፈለቀ፣ ልብሱን ያላወለቀ፣ ቀጫጫ ፍሬ ከእንጭጩ ጋር። እዛው ምርቱ ጉያ ውስጥ ስለሚወሸቅ ነፋስ ብቻውን አይለየውም፣ እናቶች በሰፌድ ቁጭ ብለው ያበጥሩታል። ስለዚህ አነጋገሩ ፍሬን ከገለባ ስለመለየት አይደለም፣ እሱንማ ነፋስም ይሰራዋል። የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው መለየት ነው ወገብ የሚቆርጠው።

አሁን ወደ ፊዚክሱ። መሬት ሁሉንም እኩል ነው የምታፈጥነው፣ የሚወድቀው ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል፣ ፍሬ ሆነ ገለባ አታዳላም። አየር ባይኖር ከሁለት ሜትር ላይ የተለቀቀ ሁለቱም በ0.64 ሰከንድ አካባቢ አብረው ዱብ ይላሉ። በፈረንጆቹ 1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ መዶሻና የጭልፊት ላባ እኩል ለቀቀ፣ እኩል ወደቁ። አባባ ጨረቃ ላይ አውድማ ቢለቀልቅ ዘላለም ቢያፏጭም ፍሬና ገለባ እንኳን አይለያዩም ነበር ማለት ነው። የሚለያቸው አየሩ ነው፣ ገለባ ከክብደቱ አንፃር ገላው ሰፊ ስለሆነ ነፋሱ ይዞት ይሄዳል፣ ፍሬ ድብልብል ስለሆነ ገፍቶት ብዙም አያንቀሳቅሰውም፣ ግርድ መሀል ላይ ነው። ጉልበቱስ ካላችሁ፣ አንድ ኩንታል ሁለት ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 1960 ጁል ገደማ ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ካሎሪ እንኳን ያንሳል፣ አንድ ጉንጭ ጠላ ይከፍለዋል። ክንድና ወገብን ደጋግሞ ማንሳቱ ነው እንጂ አባባን የሚያደክመው እህሉ አልነበረም።

ከየት መጣ ለሚለው እኔ የራሴ ግምት አለኝ፣ ማስረጃ አትጠይቁኝ። የካቲት 1967 ዓ.ም የመሬት አዋጁ ሳይወጣ በፊት ጭሰኛው ለባለርስቱ ሲሶም ይሁን እኩል የሚያካፍለው አውድማው ላይ ነበር። አስቡት፣ የባለርስቱ ሰው ቁና ይዞ ቆሟል፣ ከድርሻው ግርድ ከተገኘ ጠብ ነው፣ ጭሰኛው ደግሞ ንፁሁን ሁሉ ሰጥቶ ግርዱን ለልጆቹ ሊወስድ ነው እንዴ? ስለዚህ "ምርቱን ከግርዱ ለይ" የሚለው መጀመሪያ የሂሳብ ንግግር የነበረ ይመስለኛል፣ ክምሩ ከመሰፈሩ በፊት ለሁለቱም ወገን እኩል ይጥራ ነው ነገሩ። የሰው ጥሩና መጥፎ የሚለው በኋላ የመጣ ነው፣ ወንጌሉ ላይ ገለባው በእሳት ይቃጠላል የሚለው ቃል ከሱ ጋር ተደባልቆ ይሆናል ብዬም አስባለሁ።

ምክንያቱም እኛ ቤት ግርድ አይቃጠልም! ለዶሮ፣ ለአህያ ይሰጣል፣ በክፉ አመት ደግሞ ተሸክሽኮ ይበላል። ገለባውም የከብት ቀለብ ነው፣ የጤፉ ጭድ ከጭቃ ተቦክቶ የቤቱ ግድግዳ ይሆናል።

አሁን ግን ስብሰባ ሁሉ ላይ ማይክ የጨበጠ ሰው "ምርቱን ከግርዱ እንለያለን" ካለ ሊያባርር ነው፣ አዳራሹም ያጨበጭባል። ሰፌድ ነክቶ የማያውቅ ሰው! እሺ አባሩ፣ ግን ቢያንስ ገለባ በሉት፣ ግርዱን እንደሆነ ዶሮዎቹ እየጠበቁት ነው።

የእህቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ሰምቶ "ጋሼ፣ ታዲያ ፈተና ላይ ምኑን ልፃፍ?" አለኝ። የአየር መጋፋት ብለህ ፃፍ አልኩት።