«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም»

ይህን አባባል ያልሰማ የአማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የሚነሳው አንዱ «ያለፈው አልፏል፣ እርሳው በቃ» ሲባል ነው። በዳዩ ነገሩን ከረሳው ቆይቷል። እንዲያውም ተበዳዩ እስካሁን ማንሳቱ ይገርመዋል። «አሁንም እዚያው ነህ እንዴ?» ይለዋል። ያኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብሎ ነገሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ምስሉ የጦርና የቁስል ነው። ወጊው ጦሩን ነቅሎ መንገዱን ይቀጥላል። ለእሱ የአንድ ቀን ውሎ ነው። የተወጋው ግን ጠባሳውን ይዞ ያረጃል። ልብሱን ባወለቀ ቁጥር ያየዋል፤ ብርድ ሲሆን ያመዋል። እንደ ብዙዎቹ አባባሎቻችን ይሄኛውም ባለቤት የለውም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣ የሕዝብ ንብረት ነው። አንዳንዱ «የወጋ ይረሳል፣ የተወጋ አይረሳም» ይለዋል። ሐሳቡ ያው ነው።

ብዙ ሰው የቂም አባባል አድርጎ ይወስደዋል። እኔ አልስማማም። ተበቀል አይልም። ይቅር አትበል አይልም። የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ቁስሉ መዳኑን መናገር የሚችለው የቆሰለው ብቻ ነው። ወጊው ስለረሳው ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም።

ይህን ሐሳብ ቁልጭ አድርገው ሲናገሩ የሰማኋቸው አንዲት አማርኛ የማያውቁ አዛውንት ናቸው። ቫዮላ ፍሌቸር ይባሉ ነበር። በግንቦት 2021 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በ107 ዓመታቸው የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርበው መሰከሩ። «ሀገራችን ይህን ታሪክ ልትረሳው ትችል ይሆናል፤ እኔ ግን አልችልም» አሉ። የኛው አባባል ነው እኮ!

ያልረሱት ምንድን ነው? ኦክላሆማ ግዛት ውስጥ ተልሳ የምትባል ከተማ አለች። ግሪንውድ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈሯ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ሲኒማ ቤት፣ የሐኪምና የጠበቃ ቢሮ የሞላበት ነበር። ከግንቦት 31 እስከ ሰኔ 1 ቀን 1921 የታጠቁ ነጮች ሰፈሩን ወረሩት። 35 ያህል ብሎክ (በመንገዶች መካከል ያለ የቤቶች ስብስብ) ነደደ። ከ1,200 በላይ መኖሪያ ቤት ወደመ። የሟቾቹን ቁጥር የታሪክ ተመራማሪዎች እስከ 300 ያደርሱታል። ቫዮላ ያን ጊዜ የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላም ሲመሰክሩ መንገድ ላይ የወደቀው ሬሳ እንደሚታያቸው፣ ጭሱ እንደሚሸታቸው፣ ከላይ የሚያንዣብበው አውሮፕላን እንደሚሰማቸው ተናገሩ።

እዚህ ላይ ግን አባባሉ ትንሽ የዋህ ሆኖ አገኘዋለሁ። ወጊው የሚረሳው ጊዜ ስላለፈ፣ ነገሩ ስላላመመው ብቻ ይመስለዋል። ተልሳ ላይ የሆነው ሌላ ነው። እዚያ መርሳት ሥራ ነበር፤ ተቀምጠው ሠርተውታል። ተልሳ ትሪቢዩን የሚባለው ጋዜጣ በዚያው ግንቦት 31 ሕዝቡን ያነሳሳ ነው የተባለ ዜና የፊት ገጹ ላይ አወጣ። አንድ ጥቁር የጫማ ጠራጊ ወጣት ነጭ ሴት ተተናኮለ የሚል ነበር። ክሱ በኋላ ውድቅ ሆኗል። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች የተቀመጠውን ቅጂ ሲከፍቱት ዜናው ተቀዶ ወጥቷል። የርዕሰ አንቀጹ ገጽም ተቀዷል። አንድ ሰው ሆን ብሎ ይህን አድርጓል ማለት ነው። ይህን ያነበበ ሰው «ጊዜው ራቀ፣ ተረሳ» የሚለውን ሰበብ እንዴት ይቀበላል?

ስሙም ቢሆን ለመርሳት እንዲመች ሆኖ ነው የተሰጠው። ለአሥርት ዓመታት «የዘር ረብሻ» ሲባል ኖረ። ረብሻ ከተባለ ሁለት ወገን ተጋጨ ማለት ነው። የኢንሹራንስ ውል ደግሞ በረብሻ ለጠፋ ንብረት አይከፍልም። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ግዛቱ ነገሩን የሚያጣራ ኮሚሽን ያቋቋመው በ1997 ነው፤ ሪፖርቱ የወጣው በ2001። በሰኔ 2024 የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሕይወት የቀሩትን ሁለት ተጎጂዎች የካሳ ክስ ዘጋው። ከሁለቱ አንዷ ቫዮላ ነበሩ።

አባባሉ ሌላም ያልመለሰው ጥያቄ አለ። የተወጋው አይረሳም፤ እሺ፣ ከሞተስ? የሞተ ተጎዳ ይባል የለ። የሞተ ሰው ማስታወስም፣ መመስከርም አይችልም። ስለዚህ ትዝታው ሌላ ተሸካሚ ካላገኘ ወጊው ሁለት ጊዜ አሸነፈ ማለት ነው።

በርሚንግሃም፣ አላባማን ውሰዱ። መስከረም 15 ቀን 1963 ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት ሰዎች ያጠመዱት ቦምብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አራት ልጃገረዶችን ገደለ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። በዚያው ቀን፣ በዚያችው ከተማ ሁለት ጥቁር ወንዶች ልጆችም መገደላቸውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ጆኒ ሮቢንሰን 16 ዓመቱ ነበር፤ ፖሊስ ከጀርባው ተኩሶ ገደለው። ቨርጂል ዌር 13 ዓመቱ ነበር፤ ወንድሙ በሚነዳው ብስክሌት ላይ ተፈናጦ ሲሄድ ነጭ ጎረምሳ ተኩሶ ገደለው። ፖሊሱ ክስ አልተመሠረተበትም። ጎረምሳው ተፈረደበት፣ ቅጣቱ ግን በገደብ ታለፈ። ልጃገረዶቹ በሞቱበት ክፍል ውስጥ አምስተኛ ልጅም ነበረች። ሳራ ኮሊንስ፣ 12 ዓመቷ፣ ከሟቾቹ የአንዷ እህት። አንድ ዓይኗን አጥታ ተረፈች። የአላባማ አገረ ገዥ በይፋ ይቅርታ የጠየቋት በ2020 ነው፣ ከ57 ዓመት በኋላ።

ከኛ ወገንም አለ። ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት አሜሪካ የሄደ ወጣት ነበር። ኅዳር 13 ቀን 1988 ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ፣ ጓደኞቹ ቤቱ ሊያደርሱት መኪና አቁመው ሳለ ሦስት ዘረኛ ጎረምሶች ደረሱባቸው። በቤዝቦል ዱላ ራሱን መትተው ገደሉት። 28 ዓመቱ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ወንድ ልጅ ነበረው። ገዳዮቹ ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። ቤተሰቡ ግን እዚያ አላበቃም፤ ጎረምሶቹን ከጀርባ ያነሳሳውን የዘረኞች ድርጅትና መሪውን በፍትሐ ብሔር ከሰሱ። በ1990 ዳኞቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረዱ። ከገንዘቡ አብዛኛው አልተገኘም። ዋናው ነገር ግን ዱላ ያልያዘው፣ ዱላ ያስያዘውም ተጠያቂ መሆኑ ነው።

የሚያሳዝነው፣ የገዳዮቹንና የመሪያቸውን ስም ማግኘት ከሙሉጌታ ታሪክ ይልቅ ይቀላል። እኔ እዚህ አልጽፋቸውም። ከተማዋም «እኛ ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር ነው» እንዳትል ታሪኳ አይፈቅድላትም። ኦሪገን በ1857 ባረቀቀችው ሕገ መንግሥት ጥቁሮች ገብተው እንዳይኖሩ ከልክላ ነበር። አንቀጹ የተሻረው በ1926 ነው። ዘር ነክ የሆኑት የቀሩት ቃላት የወጡት ደግሞ በ2002 በሕዝብ ድምፅ ነው።

በ2018፣ በሠላሳኛ ዓመቱ፣ ፖርትላንድ ሙሉጌታ በተገደለበት አካባቢ በመንገድ ምልክቶቹ ላይ ስሙን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሰቀለች። ቦታው ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከ31ኛ ጎዳናና ከፓይን መገናኛ ዘንድ ነው። እዚያ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስትነግሯቸውም አብረውት የነበሩት ሁለት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቹ በዚያች ሌሊት መደብደባቸውን ጨምሩበት፤ ታሪኩ ሲነገር እነሱ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ።