የዋልታ ትንበያ ዓመት፦ የአርክቲክ አየርና የሌላው ዓለም ትንበያ

የዋልታ ትንበያ ዓመት የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የመራው ትልቅ የምልከታ ዘመቻ ነው። ዋናው ሥራ ከ2017 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ዘልቋል። የሚያስተባብረው ጽሕፈት ቤት ጀርመን፣ ብሬመርሃቨን በሚገኘው የአልፍሬድ ቬገነር ተቋም ውስጥ ነበር።

አርክቲክ፣ ማለትም የሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ ከ1979 ወዲህ የሞቀው ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። በረዶው ሲሳሳ ባሕሩ ይገለጣል፤ የተገለጠው ባሕር ሙቀትና እርጥበት ወደ አየሩ ይለቃል። ያ አየር ደግሞ እዚያው አይቀመጥም፣ ወደ ደቡብ ይወርዳል። የዛሬውን ሳያውቅ የነገውን የሚተነብይ የለም። የዋልታውን ዛሬ ማወቅ ግን ከባድ ነው። ከምድር ወገብ በላይ የቆሙት ሳተላይቶች ዋልታውን በደንብ አያዩትም። በላዩ የሚያልፉትም ደመናውን ከበረዶው ለመለየት ይቸገራሉ፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው።

ስለዚህ ሸክሙ ፊኛ ላይ ወደቀ። ትንሽ መሣሪያ በክር ይንጠለጠልበትና ይለቀቃል። ፊኛው እስኪፈነዳ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ነፋሱን በሬዲዮ ይልካል። ጣቢያዎች በተለምዶ በቀን 2 ይለቃሉ። በፌብሩዋሪና ማርች 2018 ግን ብዙ የአርክቲክ ጣቢያዎች ቁጥሩን ወደ 4 አሳደጉ። በዚያ ብርድ፣ በእኩለ ሌሊት ፊኛ መልቀቅ ቀልድ አይደለም። እነዚህ ባለሙያዎች የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም።

ጊዜውም ገጠመ። በዚያው ፌብሩዋሪ አጋማሽ ከዋልታው በላይ ያለው የቀዝቃዛ አየር ሽክርክሪት ለሁለት ተከፈለ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አውሮፓ በብርድ ተመታች። ሮም ሳትቀር በረዶ ለበሰች፤ ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ።

የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል በበኩሉ የአርክቲክን መረጃ ሆን ብሎ ትንበያውን ከሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴሉ እያወጣ ሞከረ። የዋልታው ትንበያ ብቻ ሳይሆን ከሱ በስተደቡብ ያለውም፣ በተለይ የሰሜን እስያው፣ ተበላሸ። ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

የአርክቲክ ሙቀት ጄት ስትሪምን፣ ማለትም በከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰውን ፈጣን ነፋስ፣ ያዳክመዋል፣ ያጥመለምለዋል የሚለው የተመራማሪዎቹ የጄኒፈር ፍራንሲስና የስቲቨን ቫቭረስ የ2012 መላምት ግን እስካሁን ያከራክራል። በብዙ ሞዴሎች ውስጥ ምልክቱ ደካማ ነው።

በደቡብ ዋልታው አካባቢ፣ በአንታርክቲክ፣ ተመሳሳይ ዘመቻ ከኖቬምበር 2018 እስከ ፌብሩዋሪ 2019 ተካሂዷል።

ከዚያ የጀርመኗ የምርምር መርከብ የፖላርስተርን ተራ መጣ። መርከቧ በሴፕቴምበር 2019 ከኖርዌይዋ ከተማ ከትሮምሶ ተነስታ በረዶ ውስጥ ገብታ ከበረዶው ጋር ተንሳፈፈች። በኮቪድ ምክንያት ሠራተኛ ለመቀየር ወደ ኖርዌይ ደሴቶች ወደ ስቫልባርድ ብትመለስም ሥራዋን ቀጥላ በኦክቶበር 2020 ብሬመርሃቨን ገባች። ተመራማሪዎቹ በቅርብ ከተከታተሉት አንዱ የክረምቱ አየር ነው፦ በረዶው ላይ የተኛው አየር ከላይኛው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ከልክ በላይ ይቀላቅሉና የታችኛውን ካለው በላይ ሞቃት ያደርጉታል። የጉዞው መረጃ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው።