የተሸነፈ ቡድን ሁሉ የሞተ አይደለም፦ ስለ ኤንቢኤ የግንባታ ዓመት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ላይ የኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ወሬ የጠዋት ወሬ ነው። ጨዋታው ለእኛ ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር፣ በዚያ ብርድ ከብርድ ልብስ ወጥቶ የሚያይ ጥቂት ነው። ሌላው ጠዋት ፒያሳ ቁጭ ብሎ ሻዩ እስኪመጣ ስልኩ ላይ ውጤቱን ያያል፣ ሁለት ሦስት ደንክ ያያል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። ዋንጫ ለሚፈልግ ቡድን ይሄ ብዙ ችግር የለውም። በግንባታ ላይ ያለን ቡድን ግን በውጤት ብቻ ስታየው ሁሉም ነገር ይዛባብሃል።

የግንባታ ዓመት የምለው፣ አንድ ቡድን «በዚህ ስብስብ ዋንጫ አንበላም» ብሎ ቆርጦ፣ ውድ ነባሮቹን በልውውጥ የሚሸኝበትን፣ ሜዳውን ለልጆች የሚለቅበትንና ለነገ የሚያጠራቅምበትን ዓመት ነው። ሽንፈት ይበዛበታል። ሽንፈቱ ግን ግንባታው አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«እንዲህ ከሆኑማ ይወርዳሉ»

የእግር ኳስ ሰዎች ስለሆንን ነው እንዲህ የምንለው። ኤንቢኤ ውስጥ ወራጅ የሚባል ነገር የለም። 30 ቡድን ነው፣ መጨረሻ የወጣውም በቀጣዩ ዓመት እዚያው ነው። ዲትሮይት ፒስተንስን ውሰዱ። በ2023–24 ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 14ቱን ብቻ ነው። በመሃል 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ በአንድ የውድድር ዓመት ታይቶ የማይታወቅ ሪከርድ ያዘ፣ ደጋፊውም በገዛ ሜዳው «ቡድኑን ሽጡት!» እያለ ጮኸበት። እኛ አገር ቢሆን ወርዶ፣ ተጫዋቹ ተበትኖ፣ አሰልጣኙ ስልኩን አጥፍቶ ነበር። ዲትሮይት ግን በቀጣዩ ዓመት 44 አሸንፎ ፕሌይኦፍ (ዋንጫው የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ዙር) ገባ። አለመውረዱ ነው እንደገና ለመጀመር ጊዜ የሚሰጠው።

«ሆን ብለው ነው የሚሸነፉት»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ተጫዋቹ ሆን ብሎ አይሸነፍም። ለምን ብሎ? ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው፣ ቀጣዩ ደመወዙ የሚወሰነው ዛሬ በሚያሳየው ነው፤ በእሱ መሸነፍ ቡድኑ በሚያገኘው አዲስ ልጅ ደግሞ ነገ ቦታውን ሊነጠቅ ይችላል። ያው ዲትሮይት 28ኛውን ጨዋታ የተሸነፈው ቦስተን ሄዶ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ በሰፊ ልዩነት ሲመራ ቆይቶ፣ በጭማሪ ሰዓት 128 ለ 122 ነው። ይሄ ለመሸነፍ የሚጫወት ቡድን አይደለም፤ ማሸነፍ ያቃተው ቡድን ነው።

አስተዳደሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ጥሩውን ተጫዋች «ወገቡን አሞታል» ብሎ ማስቀመጥ ይችላል፣ ያደርገዋልም። ሊጉም ያውቃል። ለዚህ ነው በ2025 ዩታ ጃዝን ላውሪ ማርካነንን ያለ አግባብ አሳርፈሃል ብሎ 100,000 ዶላር የቀጣው። ለኤንቢኤ ቡድን ይቺ የሻይ ብር ናት፣ መልእክቱ ግን ደርሷል።

«መጨረሻ ከወጡ አንደኛው ልጅ የእነሱ ነው»

አይደለም። ይቺ ትንሽ ታስረዝመናለች፣ ግን ሳትገባን ግንባታ የሚባለው ነገር አይገባንም።

በየዓመቱ ድራፍት አለ፤ ቡድኖች በተራ በተራ አዳዲስ ልጆች ይመርጣሉ። በ2025 በነበረው ደንብ፣ ፕሌይኦፍ ያልገቡት 14 ቡድኖች የመጀመሪያዎቹን አራት ቦታዎች የሚያገኙት በዕጣ ነው። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው 14 ትንንሽ ኳሶች ማሽን ውስጥ ይገባሉ፣ አራት ይወጣሉ። አራት ቁጥር በ1,001 መንገድ ሊገጣጠም ይችላል፤ አንዱን ጥለው 1,000ውን ለቡድኖቹ ያከፋፍላሉ። ድሮ የመጨረሻው ቡድን 250ውን ይወስድ ነበር። ሆን ብሎ መሸነፍ ሲበዛ ደንቡ ተቀየረ፣ በ2019 ሦስቱ መጨረሻዎች እኩል 140፣ 140፣ 140 እንዲያገኙ ሆነ። ማለትም 14 በመቶ ብቻ። በዚህ ደንብ መጨረሻ የወጣ ቡድን አምስተኛ ላይ የመውደቅ ዕድሉ ወደ 48 በመቶ ይጠጋል። በዕቁብ ዕጣው ዛሬ ባይወጣልህ አንድ ቀን ተራህ ይደርሳል፤ እዚህ ግን ሦስት ዓመት ተሰልፈህ ባዶ እጅህን ልትመለስ ትችላለህ።

2025ን እዩት። ዩታ 17 ብቻ አሸንፎ መጨረሻ ወጣ። ዋሽንግተን 18 አሸነፈ። ሁለቱም የዓመቱን ተፈላጊ ልጅ፣ ኩፐር ፍላግን ሲያልሙ ከረሙ። ዕጣው ሲወጣ ዩታ አምስተኛ፣ ዋሽንግተን ስድስተኛ። ፍላግን የወሰደው ማን ነው? 39 ጨዋታ ያሸነፈው ዳላስ፣ ከ1,000ው 18ቱን ብቻ ይዞ! ያ ሁሉ ሽንፈት ለዚህ ነው እንዴ ያስብላል። ዲትሮይትም ከዚያ የ14 ድል ዓመት በኋላ የደረሰው አምስተኛው ቦታ ነው።

«አንድ ዌምባንያማ ካገኙ አለቀ»

ሳን አንቶኒዮ በ2023 አንደኛ የተመረጠውን ፈረንሳዊ ልጅ፣ ዌምባንያማን ከማግኘቱ በፊት በነበረው ዓመት 22 አሸንፎ 60 ተሸነፈ። ካገኘው በኋላ በመጀመሪያው ዓመትስ? 22 አሸንፎ 60 ተሸነፈ። ልጁ ድንቅ ነበር፣ ቡድኑ ግን ገና ነበር። በሌላ በኩል፣ ከሊጉ ትልልቅ ኮከቦች ኒኮላ ዮኪች የተመረጠው 41ኛ ነው፣ ያኒስ አንቴቶኩንምፖ 15ኛ። ስለዚህ ቁጥሩን እያዩ ከመደንገጥ ልጁን ማን እንዳየውና ማን እንደሚያሠለጥነው መጠየቅ ይሻላል።

«ብር አላቸው፣ ለምን ኮከብ አይገዙም?»

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄ ይቺን ጥያቄ በየዓመቱ ይጠይቀኛል። «ማድሪድ ሲፈልግ ይገዛ የለ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ እግር ኳስ ላይ እንደዚያ ነው። ኤንቢኤ ላይ ግን ቡድን ለቡድን ሚሊዮኖች ከፍሎ ተጫዋች አይገዛም። ተጫዋች በተጫዋች ይለወጣል፣ ብዙ ጊዜም ደመወዛቸው መቀራረብ አለበት። የደመወዝ ጣሪያም አለ፤ በ2024–25 ወደ 140.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ወለልም አለው፦ ከጣሪያው 90 በመቶ በታች መክፈል አይቻልም፣ ስለዚህ «ግንባታ ላይ ነን» ብሎ ገንዘብ መቆጠብም እስከ ልክ ነው። ኮንትራቱ ያለቀ የሌላ ቡድን ኮከብ ለማስፈረም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጣሪያው በታች በቂ ቦታ ሊኖርህ ይገባል።

ታዲያ በምንድን ነው የሚገበያዩት? በነገ። የወደፊት የድራፍት ምርጫ እንደ ገንዘብ ይሠራል። ኦክላሆማ ሲቲ በ2019 ክረምት ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ ሰጠ። በምትኩ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ፣ ሌሎች ምርጫ የመቀያየር መብቶች፣ ዳኒሎ ጋሊናሪን እና አንድ ቀጭን የ20 ዓመት ልጅ ተቀበለ። ልጁ ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር ነው። ከአምስቱ ምርጫዎች አንዱ በ2022 12ኛ ሆኖ ሲመጣ ጄለን ዊሊያምስን መረጡበት። በ2025 ቡድኑ 68 ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ሲበላ ሁለቱም ቋሚ ነበሩ፣ ሼይ ደግሞ የዓመቱም የፍጻሜውም ኮከብ። በ2019 ያን ልውውጥ በውጤት ሠንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው «ኮከባቸውን ሸጡ» ብሎ ነበር የሚያልፈው።

በዚያ ላይ በመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ልጅ ደመወዙ በተመረጠበት ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ቡድኑ ከፈለገ እስከ አራት ዓመት በዚያው ያቆየዋል። ልጁ ቶሎ ከበሰለ የኮከብ ሥራ በርካሽ አገኘህ ማለት ነው። የግንባታ ትርፉ ያለው እዚች ክፍተት ላይ ነው።

«ነባር ምን ያደርጋል? ልጆቹ ይጫወቱ»

ዲትሮይት ይሄን በደንብ ሞክሮታል፣ ውጤቱን ከላይ አይታችኋል። ወጣቱ ኮከባቸው ኬድ ከኒንግሃም ኳስ ይዞ ወደ ቅርጫቱ ሲገባ ሦስት ተከላካይ ይከበዋል፣ ዳር ላይ ቆሞ የሚያስቆጥር ሰው ስለሌለ ማንም የሚፈራው የለም። በ2024 ክረምት ቶቢያስ ሃሪስ፣ ማሊክ ቢዝሊና ቲም ሃርዳዌይ ጁኒየር መጡ። ሦስቱም ዓለምን የሚያንቀጠቅጡ አይደሉም፣ ከርቀት ግን ያስቆጥራሉ። ቢዝሊ ብቻውን በዓመቱ 319 ባለ ሦስት ነጥብ አገባ። ለኬድ መንገዱ ተከፈተለት። ልጅ የሚያድገው ትክክለኛ ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው፤ አምስት ልጅ አንድ ላይ ብትለቅ አምስቱም እኩል ይደናበራሉ።

«አሰልጣኙ ይባረር»

አንዳንዴ አዎ። ዲትሮይት ሞንቲ ዊሊያምስን ረጅም ኮንትራት አስፈርሞ በአንድ ዓመት አሰናበተው፣ ቢከርስታፍ ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። ኦክላሆማ ግን ማርክ ዴግኖልትን 22 ሲያሸንፍም 24 ሲያሸንፍም አልነካውም። በ2021 መጨረሻ ላይ በሜምፊስ በ73 ነጥብ ልዩነት ሲሸነፍ እንኳ! በሊጉ ታሪክ ትልቁ ልዩነት ነው። እሱ በ2024 የዓመቱ አሰልጣኝ ሆነ።

«ውጤቱን አየሁ፣ ይበቃኛል»

የሚገነባ ቡድን ላይ አይበቃም። በ30 ነጥብ መሸነፍና በአራት ነጥብ መሸነፍ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ናቸው። አራተኛውን ኳርተር (የጨዋታውን የመጨረሻ ሩብ) እዩ፦ ጨዋታው ሲጠብቅ ኳሱ በማን እጅ ነው? ባለፈው ወር ኳስ ይበላሽበት የነበረው ልጅ አሁንም እዚያው ነው ወይስ ጓደኛውን ማየት ጀምሯል? ጨዋታው 9 ሰዓት ከጀመረ አራተኛው ኳርተር ወደ 11 ሰዓት ገደማ ነው፣ ለሱብሂ የሚነሳ ሰው ይደርስበታል።

«አብሽር፣ መታገስ ብቻ ነው»

ይሄኛው ደግሞ የተቃራኒው ወገን ስህተት ነው፣ እኔን የበለጠ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ፊላደልፊያ ከ2013 ጀምሮ በተከታታይ 19፣ 18 እና 10 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ደጋፊው «ሂደቱን እመን» እያለ ቻለው። በድራፍት ጆኤል ኤምቢድን አገኙ፣ ልጁ በጉዳት ሁለት ዓመት ሳይጫወት ቀረ። በ2016 አንደኛ ምርጫ ደረሳቸው፣ በ2017 ደግሞ ከቦስተን ጋር ተለዋውጠው አንደኛውን ያዙ፣ ሲመንስንና ፈልትዝን መረጡ፣ ሁለቱም የታሰበውን አልሆኑም። ዕቅዱን ያወጣው ሳም ሂንኪ ራሱ ገና በ2016 ለቆ ሄዷል። ኤምቢድ በ2023 የዓመቱ ኮከብ ተባለ። ቡድኑ ግን እስከ 2025 ድረስ ከእሱ ጋር ከፕሌይኦፉ ሁለተኛ ዙር አንድ ጊዜ እንኳ አላለፈም።