925 ዓመተ ምህረት አይደለም
ሰሞኑን ይሄ ጥያቄ ስንቴ እንደመጣ እንጃ፦ "መስቀሉ ጀርባ ላይ 925 ይላል፣ በ925 የተሠራ ነው እንዴ?" አይደለም ወገን! 925 የብሩ ጥራት ነው። ከ1000 እጅ 925ቱ ንፁህ ብር፣ የቀረው 75 ሌላ ብረት፣ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ። ንፁህ ብር ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጎብጣል፣ ለዚህ ነው የሚቀላቀለው። ስተርሊንግ የሚባለው ይኸው ነው።

20 ግራም የሚመዝን የአንገት መስቀል አላችሁ እንበል። 925 ከሆነ 18.5 ግራሙ ብር ነው፣ 1.5ቱ መዳብ። በቃ።

ዕድሜውን ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም፣ ትናንት የተሠራውም ላይ ያው 925 ይመታበታል። "የሬኔሳንስ ስታይል" የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በመላእክትና በቅጠል ሐረግ አጊጦ የ15ኛውንና የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ጣሊያን እንዲያስታውስ ተደርጎ ተሠራ ማለት እንጂ ያኔ ተሠራ ማለት አይደለም። ሻጩ ስታይል ካለ ስታይል ነው።

ማህተሙ እንደ አገሩ ይለያያል። እንግሊዞች የሚራመድ አንበሳ ይመታሉ፣ አሮጌዎቹ ላይ አጠገቡ ያለችው ፊደል ዓመቱን ትናገራለች። የጣሊያን አሮጌ ዕቃ ላይ 800 ብታዩ አትደንግጡ፣ ብር ነው፣ ስተርሊንግ ግን አይደለም።

ማህተም የሌለው ሁሉ ደግሞ ፎርጅድ አይደለም። የኛ የድሮ መስቀሎች ብዙዎቹ ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም) እየቀለጠ የተሠሩ ናቸው፣ ጠገራው ደግሞ 833 ገደማ ነው። (እሱ ላይ ያለው 1780ም ያምታታል፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ 1780 ነው የሚለው።)