አስም ሲነሳ፦ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ የሚደረግ እርዳታ

አስም የትንፋሽ ቧንቧዎች ተቆጥተው ለረጅም ጊዜ የሚቆዩበት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም እንደነበረባቸው፣ 455 ሺህ ያህል ደግሞ በዚሁ ሕመም እንደሞቱ ይገምታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ሲነሳ ሦስት ነገሮች ይደራረባሉ። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። የውስጥ ግድግዳው ያብጣል። ወፍራም አክታ ይበዛል። ታማሚው አየር ማስገባት ያቃተው ይመስለዋል፤ የበለጠ የሚከብደው ግን የገባውን ማስወጣት ነው። ሲር ሲር የሚለው ድምፅም በብዛት የሚሰማው አየር ሲወጣ ነው። ሳሉና የደረቱ መጨነቅ ብዙ ጊዜ ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ታማሚውን ማስተኛት አይረዳም። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ክንዱን ጠረጴዛ ወይም ጉልበቱ ላይ ቢያሳርፍ ይቀለዋል። አንገትና ደረት ላይ የጠበቀ ልብስ ይላላ። ጭስ፣ አቧራ፣ ሽቶ ወይም ቀዝቃዛ አየር ካለ ከዚያ መራቅ ነው። ከብቦ የሚጨነቀውም ሰው ዞር ይበል። ፍርሃት ትንፋሽን ያፈጥናል፤ ትንፋሽ ሲፈጥን ደግሞ ሳንባ አየሩን አስወጥቶ ለመጨረስ ጊዜ ያጣል። በአፍንጫ ስቦ፣ ከንፈርን አሞጥሙጦ ቀስ ብሎ ማስወጣት የሚመከረው ለዚህ ነው። ይህ ያረጋጋል እንጂ የጠበበውን ቧንቧ አይከፍትም።

ቧንቧውን የሚከፍተው መድኃኒት ነው። በብዛት የሚታወቀው ሳልቡታሞል ሲሆን ኢንሄለሩ፣ ማለትም መድኃኒቱ በአፍ የሚሳብበት መርጫ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ውጤቱም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። አወሳሰዱ ላይ መመሪያዎች ይለያያሉ። በብሪታንያ የሚመከረው በየ30 እስከ 60 ሰከንዱ አንድ ፓፍ (ኢንሄለሩ አንዴ ሲጫን የሚወጣው መጠን)፣ ቢበዛ እስከ 10 መውሰድ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ 4 ፓፍ አንድ በአንድ ይወሰዳል፤ 4 ደቂቃ ተጠብቆ ካልተሻለ ይደገማል። የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ለታማሚው ምንም አይጠቅመውም። ሐኪም የጻፈለት የራሱ መመሪያ ካለው እሱን ይከተል። ካልተሻለ አምቡላንስ መጥራት እንደሚያስፈልግ ሁሉም ይስማማሉ።

የአጠቃቀም ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ኢንሄለሩን ነቅነቅ አድርጎ፣ አየርን አስወጥቶ፣ አፉን በከንፈር ግጥም አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። መሳብ ሲጀመር ተጭኖ በቀስታ መሳብ፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽን መያዝ ነው። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ይህን ሁሉ አቀናጅቶ መሥራት ይከብደዋል። ከኢንሄለሩ የሚወጣው መድኃኒትም አብዛኛው ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ስፔሰር የሚባለው ባዶ ቱቦ የተሠራው ይህን ለማቃለል ነው። መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ ይቆያል፤ ታማሚው በራሱ ፍጥነት ይስበዋል። ከሌለ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ታጥቦ በደረቀው ጠርሙስ ቂጥ ላይ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ቀዳዳ ይወጣል። ኢንሄለሩ ይሰካና ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። ታማሚው በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሳል። አንድ ፓፍ፣ ጥቂት ትንፋሽ፤ እንደገና አንድ ፓፍ። ደቡብ አፍሪካዊቷ የሕፃናት ሐኪም ሄዘር ዛርና ባልደረቦቿ በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ አስም በተነሳባቸው ልጆች ላይ በደንብ የታሸገው ጠርሙስ ከፋብሪካ ስፔሰር እኩል ሠርቷል። ከአፍሪካ ሆስፒታሎች ወጥቶ ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ውስጥ የገባ ዘዴ ነውና ሊወደስ ይገባዋል።

ኢንሄለር እንዴት መጣ

ስለ አስም የጻፉ ጥንታውያን ብዙ ናቸው፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊው ሐኪምና ፈላስፋ ሙሴ ማይሞኒደስ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅቶበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የአጤ ፋሪስ ዝርያ ቅጠል በሲጋራ መልክ ለአስም ይጨስ ነበር።

ዘመናዊው ታሪክ የሚጀምረው በ1955 ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ የሚረጨው የጎማ ፊኛ ባለው የመስታወት ዕቃ ነበር። ዕቃው ይሰበራል፣ መጠኑም በየጊዜው ይለያያል። የአሜሪካው መድኃኒት አምራች የራይከር ላቦራቶሪስ ኃላፊ የጆርጅ ሜይሰን ልጅ አስም ነበረባት። የ13 ዓመቷ ልጅ «መድኃኒቴ ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ በቆርቆሮ አይሆንም?» ብላ ጠየቀች ይባላል። በ1956 የመጀመሪያው መጠኑ የተወሰነ ኢንሄለር ለገበያ ቀረበ።

በ1960ዎቹ ብሪታንያን ጨምሮ በጥቂት አገሮች የአስም ሞት በድንገት ጨመረ። ጣቱ የተቀሰረው መጠኑ ከፍ ባለው የአይሶፕሬናሊን ኢንሄለር ላይ ነበር። መድኃኒቱ ልብን ጎድቶ ነው ወይስ ታማሚዎች እሱን ተማምነው ሆስፒታል ስለዘገዩ? ክርክሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይመስልም። በ1969 ልብን ብዙ የማይነካው ሳልቡታሞል ወጣ። በ1972 የሚሳበው ስቴሮይድ ቤክሎሜታሶን ተከተለ። በዚህም ዋናውን ችግር፣ ማለትም የቧንቧውን መቆጣት፣ ከሥሩ የሚይዝ ኢንሄለር ተገኘ። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋም በ2019 አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ የመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እፎይታው ቁጣውን አይነካውም። ዛሬ ስቴሮይድንና ቧንቧ የሚከፍተውን ፎርሞቴሮልን በአንድ ላይ የያዘ ኢንሄለር ለማስታገስም ለመከላከልም ይታዘዛል።

የሚያከራክሩ መፍትሔዎች

ቡና ይሠራል፤ በጥቂቱ። ካፌይን የቀድሞው የአስም መድኃኒት የቴኦፊሊን ዘመድ ሲሆን ቧንቧን እስከ 4 ሰዓት ድረስ በመጠኑ ሊከፍት እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይድ ሳልተር በ1860 ጠንካራ ቡናን ይመክር ነበር። ግን ኢንሄለርን አይተካም፤ ቡና አፍልቶ በመጠበቅ የሚጠፋው ጊዜም አደገኛ ነው።

የሶቪየቱ ሐኪም ኮንስታንቲን ቡቴይኮ የቀየሰው የአተነፋፈስ ልምምድ ለአንዳንዶች ምልክቱን ይቀንስ ይሆናል፤ የሳንባ አቅምን ግን የሚለውጥ አይመስልም። ለማንኛውም የዘወትር ልምምድ እንጂ የድንገተኛ ጊዜ እርዳታ አይደለም።

እንፋሎት መታጠን አይመከርም፤ ያቃጥላል፣ ጥቅሙም አልተረጋገጠም። የአለርጂ ክኒን የተነሳን አስም አይመልስም። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አንዳንድ ታማሚዎችን ያባብሳሉ። የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ ክኒን በዚህ ሰዓት መስጠት ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም።

መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የገረጣ፣ የጎድን አጥንቱ መሐል እየሰረጎደ የሚተነፍስ፣ የደነዘዘ ወይም የተደናገረ ሰው ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው ሕፃንም እንዲሁ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ድንገት ጠፍቶ ታማሚው ግን ካልተሻለው፣ አየር ጨርሶ አልገባም ማለት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይታለላል። በመንገድ ላይ ሳልቡታሞሉ አይቋረጥም።

የተሻለው ሰውም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሐኪም ይየው። ስንት ፓፍ እንደወሰደ፣ በስንት ሰዓት እንደጀመረውና ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ተጽፎ ቢያዝ የሐኪሙን ሥራ ያፈጥናል። በከባድ ጊዜ የሚሰጠው የስቴሮይድ ክኒን ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋልና ቶሎ መጀመሩ ለውጥ ያመጣል።